የዚያ ሰኔ የፖም ጭማቂ

ባለፈው እሁድ ልጅሽ የፖም ጭማቂውን ምንጣፌ ላይ ሲደፋው ደንግጠሽ ይቅርታ ትጠይቂኝ ነበር፤ እኔ ግን አልሰማሁሽም። ጨርቅ ይዤ ጎንበስ ስል ሽታው መጣብኝ። ከካርቶን የወጣ፣ ስኳር የበዛበት፣ ከየት አገር እንደመጣ እንኳ የማይታወቅ ጭማቂ ነው፤ ቢሆንም ከሥሩ ቀጭን የፖም ልጣጭ ሽታ ነበረው። እሱ በቃኝ። "ምን ሆንሽ?" ስትይኝ "ምንም" አልኩሽ። ምንም አልሆንኩም ደግሞ፤ አላለቀስኩም። ዝም ብዬ ሱሉልታ ደርሼ ተመለስኩ። ያን ዕለት ያልነገርኩሽን አሁን ልንገርሽ።

ሱሉልታ የገባነው እኔ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። አባቴ ዕድሜውን በከባድ መኪና ሹፌርነት ያሳለፈ ሰው ነበር። ወገቡ አልታዘዝ ሲለው መሪውን ተወና አዲስ አበባ ከነበርንበት ኪራይ ቤት አውጥቶ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ሰፊ ጓሮ ያለው የጭቃ ቤት ገዛልን። እናቴ ብርዱን ጠላችው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ አመዳዩ ሣሩን አንጥቶት ያድራል፤ ጠዋት ከቤት ስንወጣ ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል። አባቴ ግን ከበረሃ መንገድ የመጣ ሰው ስለሆነ ነው መሰለኝ ብርዱን ይወደው ነበር። ጋቢውን ተከናንቦ ጓሮውን ሲዞር፣ ምን እንደሚተክልበት ሲያስብ ይውላል።

ፖሙን ያመጣችው ተከራያችን ናት። ግቢው ጥግ ላይ ያለችውን ሰርቪስ የተከራየች፣ ከደቡብ ደጋ የመጣች፣ ፋብሪካ የምትሠራ ሴት ነበረች። እሁድ እሁድ ቸርች ትሄዳለች፤ በሌላው ቀን ልብስ ስታጥብ መዝሙሯን ዝቅ አድርጋ ታንጎራጉራለች። አንድ ቀን አባቴን፣ እዚህ ልክ እንደ እኛ አገር ይበርዳል፣ ፖም ይሆናል አለችው። አገሯ ደርሳ ስትመለስም ችግኞቹን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ፣ አውቶቡስ ውስጥ ጭኗ ላይ አድርጋ ይዛቸው መጣች። እናቴ ስታያቸው ጭራሮ መስለዋት ነበር።

ፖም እንዲሁ ተተክሎ የሚተው ዛፍ አይደለም። ካልተኛ አያብብም፤ እዚህ ደግሞ ብርዱ ብቻውን አያስተኛውም። ስለዚህ በዓመት አንዴ ቅጠሉን ሁሉ በእጅ አራግፎ ራቁቱን ማስቀረት ያስፈልጋል። አባቴ መሰላል ላይ ወጥቶ ጤነኛ አረንጓዴ ቅጠል ሲያረግፍ የሰፈሩ ሰው ቆሞ ያየው ነበር። ጎረቤታችን አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ትልቅ ትንሹ "ኦቦ" ብሎ ነው የሚጠራቸው። ዓረፍተ ነገሩን በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ የሚጨርሱ፣ እኔን "ኢንተላ ኮ"፣ ልጄ፣ የሚሉኝ ሰው ናቸው። አጥሩ ላይ ተደግፈው ረዘም ላለ ጊዜ አዩትና፣ ሰውዬው ደህና አይደለም ብለው ለእናቴ ነገሯት። በሚቀጥለው ዓመት ዛፎቹ ነጭና ሮዝ አበባ ሲያብቡ ግን መጥተው ሁለት ችግኝ ለመኑት።

ፍሬው ጣፋጭ ነበር፤ መልክ ግን አልነበረውም። ትንሽ ነው፣ ቆዳው ሻካራ ነው፣ ወፍ የነካካው ይበዛል። ገበያ ላይ ከውጭ ከሚመጣው ቀይ አንጸባራቂ ፖም አጠገብ ሲቀመጥ የእኛው ድንች ይመስላል። ማንም ዞር ብሎ አያየውም። አባቴ ሐሳቡ ወደ ጭማቂ የሄደው ያኔ ነው። ጭማቂ ከሆነ መልኩን ማን ይጠይቃል?

የመጀመሪያውን መጭመቂያ የሠራው ራሱ ነው። ከሹፌርነቱ ተርፎት የነበረውን ክሪክ፣ ጎማ ሲቀየር መኪና የሚያነሳበትን፣ ከወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ ባቆመው ማዕቀፍ ውስጥ ገጠመው። ፖሙን በሙቀጫ እንወቅጠዋለን፤ የተወቀጠውን በአቡጀዲ ቋጥረን የተበሳሳ የብረት ባልዲ ውስጥ እናስቀምጠዋለን፤ ከዚያ አባቴ የክሪኩን ዘንግ ከፍ ዝቅ ሲያደርገው ቋጠሮው ይጨመቃል። ግንዱ ይንቋቋል። ጭማቂው ሲወርድ ቢጫ ነው። ድስቱ ውስጥ ሲጠራቀም ይጠቁራል፤ ትንሽ ከቆየ ከዛገ ጣሪያ ላይ የወረደ የዝናብ ውሃ ይመስላል።

የመጀመሪያውን ኩባያ ሁልጊዜ ለእናቴ ነበር የሚወስድላት። ሌሎቻችን እንዳይከፋው ብለን ጥሩ ነው እንለዋለን። ኦቦም ፊታቸውን ሳያኮሳትሩ ይጠጡለታል። እናቴ ግን ቀመስ አድርጋ ኩባያውን ታስቀምጥና፣

"ብረት ብረት ይላል" ትለዋለች።

አይቆጣም ነበር። ኩባያውን አንስቶ ራሱ ይጠጣና እውነቷን ነው ይላል። ከዚያ ሌላ ነገር ይሞክራል። ባልዲውን ቀለም ቀባው፤ ቀለሙ እየተቀረፈ ጭማቂው ውስጥ ገባ። ባልዲውን ትቶ ከባሕር ዛፍ ጣውላ ሳጥን ሠራ፤ ጭማቂው ጉንፋን የያዘው ሰው የሚታጠነውን ውሃ ሸተተ። ሙቀጫው ውስጥ ሎሚ ጨመረ፤ መልኩ ትንሽ ተሻለ፣ የብረቱ ጣዕም ግን አልለቀቀም። እናቴ በየጊዜው ያንኑ ትነግረዋለች። የፖሙን ነገር "ያንተ ጉዳይ" ነበር የምትለው፤ ዛፎቹ ሥር ስትቆም እንኳ አይቻት አላውቅም። ግን ስትቀምስ ዋሽታው አታውቅም። አሁን ሳስበው አባቴ ከሁላችንም ጥሩ ነው ማለት ይልቅ የእሷን "ብረት ብረት ይላል" ነበር የሚፈልገው።

በመጨረሻ ቡራዩ ያለ አንድ በያጅ ዘንድ ሄደ። ለወተት ነጋዴዎች የማይዝግ የወተት ዕቃ የሚሠራ ሰው ነው። ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት የምጠብቅበት ጊዜ ስለነበር አብሬው እሄድ ነበር። አዲሱ ገበያ ወርደን፣ አስኮ ተሳፍረን፣ ከዚያ የቡራዩ ሚኒባስ ይዘን ነው። በያጁ ቤት ገና ሳይደረስ የመሞረጃው ጩኸት ይሰማል። ውስጡ ጨለም ያለ ነው፤ ሰማያዊው እሳት ብልጭ ሲል ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ዕቃ ሁሉ ይታይና መልሶ ይጠፋል። የተቃጠለ ብረት ሽታ ልብሳችን ላይ ተጣብቆ ሱሉልታ ድረስ አብሮን ይመጣል።

በያጁ የፖሙ ኮምጣጣነት ተራውን ብረት እንደሚበላው አስረዳው። የማይዝገው ብረት ሲበየድም ተራ ብረት የተሞረደበት መሞረጃ ከነካው መገጣጠሚያው ላይ መዛጉ እንደማይቀር ነገረው። አባቴ ይሄን ከሰማ በኋላ በያጁን አላስቀመጠውም። በሄድን ቁጥር ጣቱን የመጭመቂያው አዲስ ባልዲ ውስጥ ከቶ ብየዳውን ይዳብሳል። ሻካራ ነገር ካገኘ፣ እዚህ ጋ አሰሩ ተጣብቆ ይቀራል፣ ሲቀር ይኮመጥጣል፣ የነገውን ያበላሽብኛል ይላል። በያጁ አንድ ቀን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሳቀበት።

"ጋሼ፣ እርስዎ የሚፈልጉት መጭመቂያ ነው ወይስ የአንገት ሐብል?"

"ቤት ያለችውን ሴት ስለማታውቃት ነው" አለው አባቴ።

ያ የመጨረሻው ጉዟችን ነበር። መጭመቂያው አልቆ አየነው። ክሪክ የለውም፤ ከላይ በእጀታ እየዞረ የሚወርድ ትልቅ ብሎን አለው። ከጎኑ ደግሞ ፖሙን የሚፈጭ፣ እንደ ወንፊት የተበሳ ከበሮ መሳይ ነገር። ሁለቱም እንደ መስታወት ያበራሉ። አባቴ ጎንበስ ብሎ ፊቱን አየበት። በያጁ ቅዳሜ በአይሱዙ አደርሳለሁ አለ። እኛም ፖሙ ሊደርስ ጥቂት ቀን እንደቀረው እያወራን ተመለስን። ከተከልነው ወዲህ እንደዚያ ዓመት አፍርቶ አያውቅም፤ ቅርንጫፎቹን በባላ ደግፈናቸው ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አባቴ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ፊቱን ሊታጠብ ወጣ። እኔ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ጫማዬን አስር ነበር። ሲወድቅ ድምፅ አልነበረውም። ሰው ሲደክመው እንደሚያደርገው ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ ከዚያ በጎኑ ጋደም አለ። ሮጬ ስደርስ ውሃው እጁ ላይ እየፈሰሰ ነበር። መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ቧንቧውን መዝጋት ነው። ከዚያ እናቴን ጠራኋት። አልጮኽኩም፤ ምሳ ደረሰ እንደሚባለው ባለ ተራ ድምፅ ነው የጠራኋት። በኋላ ልቡ ነው አሉን።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ አስታውሰዋለሁ፤ ግን ጆሮው ውስጥ ውሃ እንደገባበት ሰው ነው የማስታውሰው። ዕድርተኛው ድንኳን ተከለ። ሰው ሲያቅፈኝ የማያቸው አዝራሮች ነበሩ፤ የእያንዳንዱን ኮት አዝራር አውቀው ነበር። የአባቴ ታላቅ እህት ከሰበታ መጣች። ከመንገድ ጀምራ እየጮኸች፣ ደረቷን እየመታች ገባች፤ ድንኳኑ ሁሉ አብሯት አለቀሰ። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነጠላዋ ወልቆ ጭቃ ላይ እንዳይወድቅ ያዝኩላት። እናቴም አላለቀሰችም። ጥቁር ለብሳ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ሰው ሲመጣ ቀና፣ ሲሄድ ዝቅ ትላለች። ሰው ስለ ሁለታችን ማንሾካሾክ እንደጀመረ ይገባኝ ነበር። ግድ አልሰጠኝም። ንፍሮ አፌ ውስጥ ሲያደርጉልኝ አኝካለሁ። አሸዋ ይሁን ስንዴ አልለየውም ነበር። ምላሴ የእኔ መሆኑ ቀርቶ ነበር።

ዓርብ ቀበርነው። ቅዳሜ ጠዋት አይሱዙው መጣ።

በያጁ ከጋቢናው ወርዶ ድንኳኑን ሲያይ መጀመሪያ የሌላ ሰው ቤት የመጣ መሰለው። አጥሩ ሥር ተቀምጠው የነበሩትን ኦቦን የማን ለቅሶ እንደሆነ ጠየቃቸው። ኦቦ ወደ ውስጥ ጠቆሙትና ጥቂት ቃል ነገሩት። ኮፍያውን አወለቀ። ከኋላው፣ ጭነቱ ላይ፣ በላስቲክ የተጠቀለለው መጭመቂያ ቆሟል። ጥቅሉ በአንድ በኩል ተቀዶ ጠርዙ ፀሐይ ላይ ያበራል፤ ብርሃኑ ድንኳኑ ውስጥ ድረስ ገብቶ የተቀመጠው ሰው ፊት ላይ ይወዛወዛል። ሰዉ እያፈረ ዓይኑን ይከልላል። በያጁ እናቴ ፊት ቆሞ፣ መልሼ ልውሰደው ወይ፣ ሌላ ቀን ላምጣው ወይ ብሎ በጎርናና ድምፁ ጠየቃት። እናቴ ቀና ብላ ጭነቱን አየችው። ከዚያ ጓሮ አውርዱት አለች። ወንዶቹ ከድንኳኑ ተነስተው በትከሻቸው ተሸክመው ከጓሮ፣ ከዛፎቹ አጠገብ አቆሙት። በያጁም ጫማውን አውልቆ ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጠ። እስከ ማታ አልሄደም።

እሁድ ሰልስቱ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ከእንጦጦ በኩል ጠቆረና በረዶ ወረደ። ሸራው ላይ ሲወርድ የሰው ለቅሶ አይሰማም ነበር፤ አፋቸው ሲከፈት አያለሁ፣ ድምፅ የለም። በጣም ደስ የሚል ነገር ነበር፤ እንዲህ ማለት ነውር ካልሆነ። ሲያባራ እናቴ ከፍራሹ ተነሳች። ሰው ሊደግፋት ሲል እጁን አስለቀቀችና በጓሮ በር ወጣች። ተከትያት ወጣሁ። መሬቱ ነጭ ነበር። በነጩ ላይ ፖሙ ተነስንሷል፤ ከዛፍ ያልወረደውም ተመትቶ ተሰንጥቋል። አየሩ ሁሉ የተቆረጠ ፖም ይሸታል አሉኝ። እኔ ብርዱ ብቻ ነበር የሚሰማኝ።

የተመታ ፖም ቀን አይሰጥም። ዛሬ ምልክት ብቻ ነው፣ ነገ ይለሰልሳል፣ ከነገ ወዲያ ይኮመጥጣል። እናቴ ይሄን የምታውቅ አልመሰለኝም ነበር። ለካ አባቴ ለዓመታት ሲያወራ ጀርባዋን ሰጥታ ትሰማው ኖሯል። ሰኞ ጠዋት ጥቁር ልብሷ ላይ ሽርጥ አሥራ ወጣችና ተከራያችንን የአቡጀዲው ጨርቅ የት እንዳለ ጠየቀቻት። ተከራያችን ለሥራ ልትወጣ ነበር፤ ቦርሳዋን አስቀመጠች።

አክስቴ ጓሮ ድረስ መጣች። አልጮኸችም፤ ድምፅ አልቀረላትም ነበር።

"የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ ማሽን ልታዞሪ ነው?"

"እሱ የተከለውን ነው" አለች እናቴ። "ሲበሰብስ ቁጭ ብዬ አላይም።"

"ሰው ምን ይላል?"

የቀሩት ለቀስተኞች በሩ ላይ ተሰብስበው ኦቦን ያዩ ጀመር፤ የዕድሩ ትልቅ ሰው እሳቸው ስለነበሩ ቃሉ የእሳቸው ነው። ኦቦ መጀመሪያ መሬት መሬት አዩ። ከዚያ ጋቢያቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ሰቀሉት።

"ለቅሶ ቤትም ቢሆን ላም ትታለባለች" አሉ። "ይሄም ያው ነው። ኢንተላ ኮ፣ ባልዲ አምጪ።"

አክስቴ በዚያው ሰዓት ዕቃዋን ይዛ ወደ ሰበታ ሄደች። እናቴን አልተሰናበተቻትም። እኔን ስትስመኝ ጉንጯ እርጥብ ነበር።

ቀኑን ሙሉ ሠራን። ተከራያችን እየለየች ታቀብላለች፤ ዛፍ ላይ የቀረውንና ሣር ላይ የወደቀውን ንጹሑን ለብቻ፣ ጭቃና እበት የነካውን ለኦቦ ላሞች። እኔ የተመታውን ቦታ በቢላዋ እየቆረጥኩ አጥባለሁ። ሁለት ጎረቤቶች መፍጫውን ያዞራሉ። ኦቦ ብሎኑን ያዙ። ቶሎ ቶሎ ሲያዞሩት ተከራያችን ቀስ ይበሉ አለቻቸው፤ ሲጣደፉበት ጭማቂው ደፍርሶ ይወጣል፣ ቆም እያሉ ራሱ እንዲወርድ መተው ነው። እሳቸውም ትንሽ አዙረው፣ ቆም ብለው፣ እንደገና ትንሽ ያዞራሉ። መጭመቂያው አይጮኽም ነበር። የግንዱን መንቋቋት ለምጄ ስለነበር ዝምታው እንግዳ ሆነብኝ። የሚሰማው ጭማቂው ማሰሮው ውስጥ ሲንጠባጠብ፣ ተከራያችን ደግሞ መዝሙሯን ዝቅ አድርጋ ስታንጎራጉር ብቻ ነው። የእኛ ሃይማኖት መዝሙር አልነበረም፤ ማንም ተይ አላላትም።

ማሰሮው ውስጥ ያለው አልጠቆረም። ኦቦ ጎንበስ ብለው አይተው ብርዝ ይመስላል አሉ። እውነትም በውሃ የተበጠበጠ ማር ይመስል ነበር። አንድ ኩባያ ቀድተው፣ ቀጥ ብለው ሄደው ለእናቴ ሰጧት። ሁላችንም ሥራ አቆምን። እሷ ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ውስጥ አየች፤ ከዚያ ሳትተነፍስ እስከ መጨረሻው ጠጣችው። ምን ትላለች ብለን እንጠብቃለን። ኩባያውን ለኦቦ መለሰችና፣

"ቀጥሉ" አለች።

ለእኔም ቀዱልኝ። ጠጣሁ። ቀዝቃዛ ነገር በጉሮሮዬ ሲወርድ ተሰማኝ፤ ሌላ ምንም የለም። ሌላው ሰው ከንፈሩን ሲልስ፣ ዓይኑን ሲጨፍን፣ አንዱ ለአንዱ ሲነግር አያለሁ። እንዴት ነው አሉኝ። ጥሩ ነው አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ጭማቂውን ታጥቦ በደረቀ የወይን ጠርሙስ ሞላነው። እንዳይኮመጥጥ መሞቅ ነበረበት፤ ከፈላ ደግሞ የተቀቀለ ይሆናል። ተከራያችን ትልቁ ጎላ ውስጥ ጠርሙሶቹን ደርድራ፣ ውሃው ጣት የማያስነካ ሲሆን፣ መፍላት ሳይጀምር፣ እያወጣች ቡሹን ትጠቀጥቅበታለች። እናቴ የመጣ ሰው ሁሉ እንዲሸጥላት ቢለምናት እምቢ አለች። ለአርባው ነው አለች። ጠርሙሶቹ ተከራያችን አልጋ ሥር፣ ቀዝቃዛው መሬት ላይ፣ በጆንያ ተሸፍነው ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት ጨምቀናል፤ ይሄን አትርሺው። እናቴ ቅጠል ማራገፍ ተማረች። ሰው ከአዲስ አበባ ድረስ እየመጣ የሚወስደው ጭማቂ ነበር የምታወጣው። ተከራያችን አግብታ ሄደች፤ ኦቦ አረፉ፤ ዛፎቹም አርጅተው አንድ በአንድ ደረቁ። እናቴ ስትሞት መጭመቂያውን ተጂ ከተማ አካባቢ ያለ ንብ አርቢ ማር ሊጨምቅበት ወሰደው። ምንም አልሆነም፣ አልዛገም። የእነዚያን ዓመታት ጭማቂ ሁሉ ጠጥቻለሁ፣ ጣዕሙንም አውቀዋለሁ። ግን ሌላ ክረምት፣ ሌላ አበባ ነው። አባቴ በእጁ ያራገፈው፣ በባላ የደገፈው ያ የአንዱ ዓመት ብቻ ነበር።

ምላሴ የተመለሰልኝ ሐምሌ ከገባ በኋላ ነው። ምሳ ላይ ሳላስተውል ቃሪያ ነከስኩና አቃጠለኝ። እንባዬ ወረደ። እናቴ ውሃ ልታመጣልኝ ስትነሳ ተይው አልኳት። እያቃጠለኝ ሌላም ነከስኩ። ያን ቀን ማታ ለራሴ፣ አርባው ሲደርስ እቀምሰዋለሁ አልኩ። ቀድሜ አንድ ጠርሙስ ክፈቱልኝ ለማለት አፌ አልደፈረም። የእናቴን ፊት ሳይ አይጠየቅም ነበር።

የአርባው ዕለት ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላቋረጠም። ቢሆንም ሰው መጣ፤ ድንኳኑ ሞልቶ ግድግዳውን ተጠግቶ የቆመም ነበር። ከምግቡ በኋላ ጭማቂው ወጣ። እኔ በትሪ እየዞርኩ አድላለሁ። ከወር በላይ አልጋ ሥር ቆይቶ አንድም ጠርሙስ አልተበላሸም፤ ተከራያችን እያንዳንዱን ስትከፍት አሽትታ ራሷን ትነቀንቃለች። ዝቃጩ ከታች ተቀምጦ ላዩ ኩልል ብሎ ነበር። አክስቴ ከሰበታ መጥታለች። ከእናቴ ጋር አልተነጋገሩም፤ ግን አጠገቧ ነበር የተቀመጠችው። ብርጭቆዋን ጨርሳ ሁለተኛ ወሰደች። ሁለተኛውን ግማሽ ድረስ ጠጣችና፣

"ይሄ ነበር እንግዲህ ሲለፋበት የኖረው" አለች።

እናቴ እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገችላት።

ትሪው ባዶ ሲሆን ልሞላ እመለሳለሁ፤ ሞልቼ ስወጣ ሌላ ሰው ገብቷል። በያጁ ዘግይቶ፣ ዝናብ ደብድቦት ከቡራዩ መጣ። መቀመጫ ስላልነበር በሩ ላይ እንደቆመ ብርጭቆ ሰጠሁት። ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ አየው፤ ሻካራ ጣቱ ብርጭቆው ላይ ጥቁር ምልክት ተወ። ጠጥቶ ሲጨርስ ብርጭቆውን ትሪው ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠልኝና ፊቱን ወደ ዝናቡ አዞረ።

ማድ ቤት ስመለስ ጠርሙሶቹ ሁሉ ባዶ ነበሩ። ተከራያችን ግራ ገብቷት አየችኝ፤ የቀረ የለም አለች። ለእኔ እንዳልተቀመጠልኝ ማንም አላሰበም፤ የቤቱ ልጅ ነኝ፣ በተጨመቀ ቀን የጠጣሁ ነኝ። ትሪውን አስቀምጬ ብርጭቆ ማጠብ ጀመርኩ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፤ ጣቶቼ ሲደነዝዙ ይታወቀኛል።

እናቴ መቼ እንደገባች አላየኋትም። ከጠርሙሶቹ መሀል አንዱን አንስታ ወደ መስኮቱ አዘቀዘቀችው። ከሥሩ ቢጫ ዝቃጭ ተጣብቆበታል። ከማሰሮው ትንሽ ውሃ ጨመረችበት፤ አፉን በመዳፏ ዘግታ አወዛወዘችው፤ ኩባያ ውስጥ ገለበጠችውና አቀበለችኝ።

"እንኪ" አለች።

ጠጣሁት። ውሃ ነው ማለት ይቻላል። ከውሃው ኋላ ግን፣ ልውጠው ስል፣ አንድ ስስ ጣፋጭ ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ጠፋ። እናቴ ፊቴን ፊቴን እያየች ትጠብቅ ነበር።

"ደረሰሽ?" አለችኝ።

"ደረሰኝ" አልኳት።

ጠርሙሱን አጥባ ከሌሎቹ ጋር ደፋችውና ወደ እንግዶቹ ተመለሰች።